ባድ ብሬይንስ፦ ሁለት ወንድማማች፣ ሁለት ጓደኛ

ይህን የጉዳይ ጥናት መጀመሪያ የጻፍኩት ለአራት ልጆች ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ወጣ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራይተው ሜታል፣ ማለትም ከባዱን የሮክ ሙዚቃ፣ ይጫወታሉ። ሜታል ብቻ ግን አይደለም። ሬጌ አለበት። አንቺሆዬ አለበት። ድራመሩ ሲያሻው ችክችካ ይጨምርበታል። ባለፈው ክረምት ሊበተኑ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ላይ ላዩን ሲታይ የተጣሉት በሙዚቃ ነው። ዘፋኙ «ሬጌው ይብዛ» ይላል። ጊታሪስቱ «ሬጌ ሲገባ ሰው ይቀዘቅዛል» ይላል። በዕድሜ ስለምበልጣቸው ሽማግሌ ተብዬ ተጠራሁ።

ሽምግልናው ወዲያና ወዲህ ሲል «ከእናንተ በፊት በዚሁ ነገር የተጣሉ ሰዎች አሉ» ብዬ ይህን ይዤላቸው ሄድኩ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እነማን ናቸው?

ባድ ብሬይንስ የዋሽንግተን ዲሲ ባንድ ነው። አራት ጥቁር አሜሪካውያን። ዘፋኙ ኤች አር ይባላል፤ እናት አባቱ ያወጡለት ስም ፖል ሃድሰን ነው። ድራመሩ ኧርል ሃድሰን ነው። ጊታሪስቱ ዶክተር ኖው ነው፤ ትክክለኛ ስሙ ጋሪ ሚለር። ቤዝ የሚጫወተው ዳሪል ጄኒፈር ነው። ዘፋኙና ድራመሩ ወንድማማቾች ናቸው። ይቺን ነገር ያዝ አድርጓት፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ከተማው መሀል አልነበሩም። ከዋሽንግተን ዳር፣ ከሜሪላንድ በኩል ያሉ የሰፈር ልጆች ናቸው። 1976 አካባቢ ሲጀምሩ ስማቸው ማይንድ ፓወር ነበር፤ የሚጫወቱትም ጃዝ ፊውዥን ነው። ጃዝ ፊውዥን ዝም ብሎ የሚገባበት ሙዚቃ አይደለም። ምቱ ይቀያየራል፣ ጣት ይፈልጋል፣ ልምምድ ይፈልጋል። በኋላ በዚያ ፍጥነት ሲጫወቱ ያልተደነቃቀፉት እዚህ ስለተገሩ ነው። ፓንክ ፈጣንና ቁጡ የሮክ ዓይነት ነው፤ ያኔ አብዛኛው የፓንክ ባንድ ሦስት ኮርድ ይዞ መድረክ ይወጣ ነበር። እነዚህ ግን ችሎታቸውን ይዘው ነው ወደ ፓንክ የገቡት።

አዲሱን ስማቸውን የወሰዱት ራሞንስ ከሚባል የፓንክ ባንድ ዘፈን ነው። መንፈሱን የወሰዱት ደግሞ ከማይጠበቅ ቦታ ነው። የኤች አር አባት ለልጁ የናፖሊዮን ሂልን የስኬት መጽሐፍ ሰጠው። አዎ፣ እኛም ጋ ተተርጉሞ አስፋልት ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠው ናፖሊዮን ሂል። ከዚያ ውስጥ «ቀና አስተሳሰብ» የሚለውን ሐሳብ አውጥተው ዘፈን አደረጉት። ዛሬም ድረስ የዚህ ሙዚቃ አፍቃሪዎች ክንዳቸው ላይ የሚነቀሱት ሦስት ፊደል፣ ፒ ኤም ኤ፣ የዚያው «ቀና አስተሳሰብ» የእንግሊዝኛ ምህጻር ነው። ቁጡ ሙዚቃ ሆኖ መልእክቱ «አይዞህ፣ ተስፋ አትቁረጥ» የሚል መሆኑ ገና ከጅምሩ የሚገርም ነገር ነበር።

ከዚያ ቦብ ማርሌይን መድረክ ላይ አዩት። ሬጌ ገባ፤ ራስተፈሪያንነትም ተከተለ።

እዚህ ላይ ሀበሻ አንባቢ ትንሽ ቆም ማለቱ አይቀርም። ጃንሆይ በ1974 ከዙፋን ወረዱ። በቀጣዩ ዓመት ሞቱ። አዲስ አበባ ስማቸውን በክፉ እንጂ በደግ ማንሳት በሚያስፈራበት ሰዓት፣ ከዋሽንግተን ዳር ያሉ አራት ወጣቶች አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ለብሰው ስማቸውን እየጠሩ ይዘሉ ነበር። ከሚጫወቱባቸው ቦታዎች አንዱ አዳምስ ሞርጋን የሚባል ሰፈር ውስጥ ያለ የአርቲስቶች ቤት ነበር። ያ ሰፈር በኋላ ከደርግ የሸሸው የእኛ ሰው ምግብ ቤት የከፈተበት ሰፈር ነው። አንዱ ንጉሡን እያወደሰ ከወጣበት መንገድ ላይ ሌላው ንጉሡን ከጣለው መንግሥት አምልጦ ገባ። በዓመታት ተላለፉ እንጂ ቢገናኙ ምን ይባባሉ ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ካሴቷ

በዲሲ ብዙ አልቆዩም። ሙዚቃቸው ሲጀምር ሰው ይዘላል፣ ወንበር ይሰበራል። ክለቦች «እናንተማ አትመጡብን» አሏቸው። እነሱም መባረራቸውን ዘፈን አደረጉት። አንድ ጊዜ እንግሊዝ አገር ሊጫወቱ ሄደው የሥራ ፈቃድ ስላልነበራቸው ከመግቢያው ላይ ተመለሱ። በመጨረሻ ጓዛቸውን ጠቅልለው ኒውዮርክ ገቡ።

የመጀመሪያ አልበማቸው በ1982 ወጣ። ሸክላ አይደለም፣ ካሴት ነው። አሳታሚው ሮየር ያኔ ካሴት ብቻ ነበር የሚያወጣው። ሽፋኑ ላይ የአሜሪካ ምክር ቤት ጉልላት በመብረቅ ይመታል። ቀለሙ ያው የባንዲራችን ቀለም ነው። ውስጡ 15 ዘፈን አለ፤ ሁሉም ተደምሮ 35 ደቂቃ አይሞላም። 12ቱ እንደ ጥይት የሚተኮሱ ናቸው። 3ቱ ሬጌ ናቸው።

ይህን አልበም ቱሉ ዲምቱ ላይ በስልክና በአንድ ስፒከር ከፈትኩላቸው። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፏል። መብራት ስለጠፋ የጊታሩ ድምፅ ማጉያ፣ አምፑ፣ አይሠራም። ዘፈኑ እየጋለበ ሄዶ ሄዶ ድንገት ወደ ሬጌው ሲገለበጥ የግቢው ባለቤት በበሩ ብቅ አሉ። ልብስ ሲያሰጡ ነበር።

«ልጆቼ፣ ይሄ ነገር ጠብ ነው ወይስ ጸሎት?»

«ሁለቱም ነው እማማ» አለ ድራመሩ።

«በሉ ጸሎቱ ላይ ድምፁን ጨምሩት፤ ጠቡን ቀንሱት» ብለው ሄዱ። ዘፋኙ ድል እንዳደረገ ሰው ተደሰተ። ጊታሪስቱ ኮርኒሱን አየ።

እኔ ግን እዚያች ሽግግር ላይ እንዲቆዩ ፈለግኩ። ምክንያቱም የባድ ብሬይንስ ጥበብ ያለው እዚያ ነው። ብዙ ሰው ስልት መቀላቀል ማለት ሁለቱን በአንድ ድስት መቀቀል ይመስለዋል። ጊታሩ ሜታል ሆኖ ድራሙ ሬጌ፣ ወይም የተገላቢጦሽ። እነሱ በዚህ አልበም ላይ እንደዚያ አላደረጉም። ፈጣኑ ንጹህ ፈጣን ነው። ሬጌው ንጹህ ሬጌ ነው። የሚያያይዛቸው የአራቱ ሰዎች እጅ ነው።

በፈጣኑ ዘፈን ላይ ድራሙ ቦታ አይሰጥም። ኪኩና ስኔሩ፣ ማለትም ትልቁና ትንሹ ከበሮ፣ እየተፈራረቁ ሁሉንም ቀዳዳ ይደፍናሉ። ጊታሩ ዲስቶርሽን፣ ያንን ድምፅ ማሻከሪያ፣ ለብሶ ከድራሙ ጋር ይሮጣል። በሬጌው ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አራት ብለን ስንቆጥር የመጀመሪያው ምት ባዶ ይተዋል፤ ኪኩ ሦስተኛው ላይ ይወድቃል። ጊታሩ ዲስቶርሽኑን አጥፍቶ በምት መሀል «ቸክ፣ ቸክ» ይላል። ዜማውን ቤዙ ይይዘዋል። ስለዚህ ሽግግሩ ላይ ሥልጣን ከጊታር ወደ ቤዝ ይዞራል። የእኛው ቤዚስት ይህን ሲሰማ ከተቀመጠበት ቀና አለ። ለካ እሱም ወገን ነበረው።

ቅልቅሉ ውስጥ ለውስጥ የገባው በኋላ ነው፣ በ1986ቱ «አይ አጌንስት አይ» አልበም። እዚያ ሜታሉ፣ ፈንኩ፣ ሬጌው ተለይቶ አይታይም። ለእኔ ምርጥ ሥራቸው እሱ ነው። የመጀመሪያውን ካሴት የሚያስበልጡ አሉ፤ እነሱም ጋ እውነት አለ።

የእኛ ልጆች ይህን ትምህርት በራሳቸው መንገድ አግኝተውታል ማለት ይቻላል። ችክችካ በስድስት ስምንተኛ የሚሄድ ምት ነው። የሜታል ጊታር የሚወደው የፈረስ ግልቢያ የሚመስል ሦስት ሦስት እያለ የሚሄድ አመታት አለ። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ማንም ማንንም አይጎትትም። አንቺሆዬም እንደዚሁ ነው። ከቅኝቶቻችን ውስጥ ተጠጋግተው የሚቆረቁሩ ድምፆች ያሉበት እሱ ነው፤ ሜታል ደግሞ የሚኖረው በዚያ መቆርቆር ነው። ትዝታ ሜጀር ላይ ዲስቶርሽን ቢጭኑበት የሠርግ ዘፈን ነው የሚመስለው፤ ሞክረውት ሰምቻለሁ፣ አልመክርም።

መለያየት፣ መታረቅ፣ መለያየት

አሁን ወደ ጠቡ።

በ1983 ሁለተኛው አልበም ወጣ። ፕሮዲውሰሩ የዘ ካርስ ባንድ መሪ የነበረው ሪክ ኦካሴክ ነው። ስማቸው እየገነነ ነበር። ልክ በዚህ ጊዜ ኤች አርና ኧርል «ከእንግዲህ ሬጌ ብቻ» ማለት ጀመሩ። ዶክተር ኖውና ጄኒፈር ደግሞ ከባዱን ሙዚቃ ይፈልጋሉ። ተለያዩ። ኤች አር በራሱ ስም ሬጌ ማውጣት ጀመረ።

ታረቁና «አይ አጌንስት አይ»ን ሠሩ። ፕሮዲውሰሩ ሮን ሴንት ጀርሜን ነው። አልበሙ ሳያልቅ ኤች አር በማሪዋና ክስ እስር ቤት ገባ። አንድ ዘፈን ድምፅ ይቀረዋል። ምን ተደረገ? ከእስር ቤት ስልክ ደውሎ ዘፈነ። ዘፈኑ «ሴክሬድ ላቭ» ይባላል። ከፍታችሁ ስሙት፤ ሙዚቃው ሙሉ ነው፣ ድምፁ ግን በቀጭን ሽቦ ውስጥ አልፎ የመጣ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ሆን ብለው እንዲህ ዓይነት ድምፅ ለማምጣት ሰዎች ብር ያወጡበታል። እነሱ በአንድ የስልክ መስመር አገኙት።

ይህን ስነግራቸው ልጆቹ «ዋው!» አሉ። እኔም ስሰማው መጀመሪያ ያልኩት ያንኑ ነው። ነገር ግን ጉዳዩን እንደ ጉዳይ ካየነው፣ ይህ ታሪክ የጀግንነት ታሪክ ብቻ አይደለም። ሦስት ሰዎች ስቱዲዮ ተቀምጠው አንድ ሰው እስኪደውል የሚጠብቁበት ታሪክም ነው። በቀጣዮቹ ዓመታት የባንዱ ኑሮ በሙሉ ይህንኑ መሰለ።

አልበሙ ከወጣ በኋላ ወንድማማቾቹ እንደገና ወጡ። የቀሩት ሁለቱ ሌላ ዘፋኝና ሌላ ድራመር አመጡ። ድራመሩ ማኪ ጄሰን ነበር፣ ክሮ ማግስ ከሚባል ባንድ። ቀጣዩን አልበም መቅዳት ጀመሩ። ኤች አር ተመለሰና ድምፁን እሱ ዘፈነው። ያ አልበም የ1989ኙ «ኩዊክነስ» ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ወደ ሜታል ያዘነበለው እሱ ነው። ከዚያ ኤች አር እንደገና ሄደ። ለተወሰነ ጊዜ ፌዝ ኖ ሞር ከሚባል ባንድ የወጣው ቸክ ሞዝሊ ዘፈነላቸው። እሱም ሄደ። በ1993 ኢዝሬል ጆሴፍ አይ የሚባል ዘፋኝ ይዘው በትልቁ ኩባንያ በኤፒክ በኩል «ራይዝ» የሚባል አልበም አወጡ። የሚጠበቀውን ያህል አልሄደም።

የመጣውንና የሄደውን ሰው ሁሉ መዘርዘር ያሰለቻል። ቁም ነገሩ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ ይወጣል። ዘፋኙ ሲሄድ በአብዛኛው ድራመሩም አብሮ ይሄዳል። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ። ቤዙና ጊታሩ ደግሞ አንድም ቀን ተለያይተው አያውቁም። ይህ ባንድ ከውጭ ሲታይ አራት ሰው ነው። ከውስጥ ሲታይ ሁለት ወንድማማችና ሁለት ጓደኛ ነው። የተሰነጠቀው ሁልጊዜ በዚያው መስመር ላይ ነው። የትኛውም ጠብ ቢነሳ፣ የሃይማኖትም ይሁን የገንዘብ፣ የሬጌም ይሁን የሜታል፣ ድምፅ ሲሰጥ ሁለት ለሁለት ነው።

1995

በ1994 አራቱ እንደገና ተሰባሰቡ። የማዶና ኩባንያ የሆነው ማቭሪክ አስፈረማቸው። ሪክ ኦካሴክም ተመልሶ መጣ። «ጋድ ኦፍ ላቭ» የሚባል አልበም በ1995 ወጣ። ከራፕ ቡድኑ ከቢስቲ ቦይስ ጋር ጉዞ ተዘጋጀ። ቢስቲ ቦይሶች ልጆች ሳሉ ኒውዮርክ ውስጥ የእነዚህን ሰዎች መድረክ እያዩ ያደጉ ናቸው፤ አሁን በዓለም የታወቁት እነሱ ናቸው፣ መምህሮቻቸውን አስከትለው ሊዞሩ ነው። ለባድ ብሬይንስ ከዚህ የተሻለ በር ተከፍቶ አያውቅም።

በጉዞው ላይ ኤች አር የገዛ ማናጀራቸውን መታ፤ ታሰረ። በዚያው ዓመት ካንሳስ፣ ሎውረንስ ከተማ መድረክ ላይ ሳለ ተመልካች በማይክ መቆሚያ መታ። እንደገና ታሰረ። ውሉም ጉዞውም ባንዱም እዚያው አበቃ።

ከዚህ በፊትም ያልጠራ ነገር ነበር። በ1982 ቴክሳስ፣ ኦስቲን ሲሄዱ የተቀበላቸው ቢግ ቦይስ የሚባል ባንድ ነው። ዘፋኙ ግብረ ሰዶማዊ መሆኑን ሲያውቁ በሃይማኖት ስም ሰድበውት፣ የተበደሩትንም ሳይከፍሉ ሄዱ ተብሎ ወሬው በየከተማው ተዳረሰ። ጄኒፈር ከብዙ ዓመት በኋላ ስለዚያ ዘመን አክራሪነታቸው በጸጸት ተናግሯል። እኔ ከሁሉ የከፋ የምለው ይህንን ነው። እንግዳ ሆኖ ገብቶ፣ በልቶ፣ አድሮ፣ አስተናጋጅን መስደብ በየትኛውም ሃይማኖት የሚያኮራ አይደለም። ሥራውንም ጎድቶታል። ያኔ ይህ ሙዚቃ የሚኖረው በሰው ሳሎን ነው። ሆቴል የለም፣ አስተዋዋቂ የለም። ከተማ ስትገባ የሚያሳድርህ የዚያ ከተማ ባንድ ነው። አንዱን ካስቀየምክ ቀጣዩ ከተማ ቀድሞህ ይሰማል።

የአብዬን ወደ እምዬ

እንግዲህ ለምን እንዲህ ሆነ? በብዛት የሚባለው ሦስት ነገር ነው። አንድ፣ ሁለት የማይገጥም ሙዚቃ ስለቀላቀሉ ነው። ሁለት፣ ሃይማኖቱ ስላከረራቸው ነው። ሦስት፣ ዘፋኙ አስቸጋሪ ሰው ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያው የአብዬን ወደ እምዬ ነው። የሙዚቃ ልዩነት አልነበራቸውም አላልኩም፤ ነበራቸው። ግን ልዩነቱ በጣም በከረረበት ሰዓት ነው «አይ አጌንስት አይ»ን የሠሩት። ቅልቅሉ አጥፍቷቸው ቢሆን ኖሮ ከእነሱ የተቀዱት ባንዶች ሁሉ በጠፉ ነበር። ሊቪንግ ከለር አልጠፋም። ፊሽቦን አልጠፋም። ዴፍቶንስ አልጠፋም። እኛም አገር ቢሆን ሙላቱ አስታጥቄ ቅኝታችንን ከጃዝ ጋር ሲያዋህድ ሰው ግራ ተጋብቶ ነበር፤ ዛሬ «ኢትዮ ጃዝ» ብሎ የሚኮራበት ያው ሰው ነው። ጃኖ ባንድም በ2012 «ኤርታሌ»ን ይዞ ሲመጣ ሮክና ሀገርኛ አብረው እንደሚሄዱ አሳይቷል።

ሁለተኛው ግማሽ እውነት ነው። ሃይማኖቱ አክርሯቸዋል፤ የኦስቲኑ ታሪክ ምስክር ነው። ግን ሃይማኖቱ ባይኖር የባንዱ ግማሽ ነፍስ አይኖርም ነበር። ሬጌው ከዚያ መጣ፣ ግጥሙ ከዚያ መጣ። አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም።

ሦስተኛው ላይ ነው የምቆየው። ኤች አር ለብዙ ዓመታት ሲታይ ሁለት ዓይነት ነው። አንድ ቀን ከቆመበት ወደ ኋላ ተገልብጦ የዘፈኑ የመጨረሻ ምት ላይ በእግሩ የሚያርፍ፣ ሰው አይቶት የማይረሳው ዘፋኝ ነው። ሌላ ቀን ማይኩ ፊት ቆሞ ፈገግ እያለ ቃል የማይተነፍስ ሰው ነው። ከፊሉ አድናቂ «ነቢይ ነው» አለ። ከፊሉ «ቀልደኛ ነው፣ ያሾፋል» አለ። ሌላው «ጥጋብ ነው» አለ። ታሟል የሚል የጠፋው ለረጅም ጊዜ ነው። የአእምሮ ሕመም እንዳለበት በይፋ መነገር የጀመረው ባንዱ ተሰባብሮ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያም ዓይንና ግንባር አካባቢ እንደ ጦር የሚወጋ፣ ብዙ ሰው ላይ የማይታይ የራስ ምታት እንዳለበት ታወቀ። በ2017 ጭንቅላቱን ቀዶ ጥገና አደረገ።

ሕመም ሰው የመምታት ፈቃድ አይሰጥም። የተመታው ሰው ራሱ ነው የቆሰለው። ነገር ግን አራት ሰዎች አንድ መኪና ውስጥ ለዓመታት ሲዞሩ፣ «ዛሬ ልክ አይደለም፣ መድረክ አይውጣ» የማለት ሥልጣን ያለው ሰው አልነበረም። ማናጀሩ አላለም። ወንድሙ አላለም። ኩባንያው ደግሞ ትኬት ሸጧል። የእኛም ሰው ከዚህ ነፃ አይደለም። አንድ ሰው ሲለወጥ «ጠባዩ ከፋ»፣ «ሰው ናቀ»፣ «ዓይነ ጥላ ነው» እንላለን። ጸበል መውሰድ ጥሩ ነው፤ ሐኪም ጋም ይወሰድ። ጊታሪስቱ ይህን ሳነብ «ጋሼ፣ እኛ ጋ የታመመ የለም እኮ» አለኝ። የለም። አንደኛው ግን ሦስት ሳምንት ልምምድ ሲቀር ማንም ደውሎ «ምን ሆነህ ነው?» አላለውም። ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ቀልደውበት አለፉ። አባቱ ታመው ኖሯል።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ባድ ብሬይንስን የጎዳው ቅልቅሉ አይደለም። ሁሉ ነገር በአንድ ሰው ጉሮሮ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ያ ሰው ያልመጣ ቀን ምን እንደሚደረግ አንድም ቀን ቁጭ ብለው አለመስማማታቸው ነው። ከእሱ ጋር መሥራት አልቻሉም። ያለ እሱ መሥራትንም አልጨከኑበትም። ሌላ ዘፋኝ ባመጡ ቁጥር በሩን ለእሱ ክፍት ይተዉታል። የመጣውም ዘፋኝ በሰው ወንበር እንደተቀመጠ ሰው ነው የሚዘፍነው።

ከዚያስ

አልሞቱም። ከ1998 ጀምሮ አራቱ እንደገና ተገናኝተው ሶል ብሬይንስ በሚል ስም ዞሩ። በኋላ የድሮ ስማቸውን መለሱ። ኒውዮርክ ያሳደጋቸው ሲቢጂቢ የሚባለው ክለብ በ2006 ሲዘጋ በመጨረሻው ሳምንት ከተጫወቱት መሀል ነበሩ። በ2007 የቢስቲ ቦይሱ አዳም ያውክ ፕሮዲውስ ያደረገላቸው አልበም ወጣ። እሱ በ2012 በካንሰር ሲሞት የዚያን ዓመት አልበማቸውን ለእሱ መታሰቢያ አደረጉት። በ2015 ዶክተር ኖው ልቡ ቆሞ ለሞት ደርሶ ተረፈ። በ2016 ለሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ታጩ፤ አልገቡም።

ለእኔ ትልቁ ዜና የ2021ዱ ነው። በተለያየ ኩባንያ ተበትነው የነበሩትን የድሮ ቅጂዎቻቸውን ባለቤትነት መልሰው በራሳቸው ስም እንደ አዲስ ማሳተም ጀመሩ። የመጀመሪያዋ ካሴት ከወጣች 39 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት ስንት ወጣት ከእነሱ ተምሮ ሀብታም ሆነ! እነሱ ከገዛ ካሴታቸው ጌታ ለመሆን አርጅተው ነበር።

ቱሉ ዲምቱ ላይ ይህንን አንብቤ ስጨርስ ልጆቹ መጀመሪያ የተከራከሩት «የእኛ ኤች አር ማነው?» በሚለው ነው። ሁሉም ወደ ዘፋኙ ጠቆሙ። እኔ አልመሰለኝም። ዘፋኙ አንድ ቀን ቢቀር ሌሎቹ ይለማመዳሉ። ጊታሪስቱ ቢቀር ግን ልምምድ የለም፤ አምፑ የእሱ ነው፣ ሚክሰሩ የእሱ ነው፣ የቤቱ ኪራይ ውል በእሱ ስም ነው። ውጭ ያለ አጎቱ በሻንጣ እየከፋፈለ የላከለት ዕቃ ነው። «ሬጌው ይቀንስ» ሲል ሌሎቹ የሚሰሙት የሙዚቃ ሐሳብ አይደለም፤ የቁልፍ ድምፅ ነው። እሱ ራሱ ይህን አያውቅም ነበር። ሲሰማው ፊቱ ቀላ፤ «መች ከልክያችሁ አውቃለሁ?» አለ። እውነቱን ነው፣ ከልክሎ አያውቅም። ቤዚስቱ ቀስ ብሎ «ካልከለከልክ ለምንድነው ሁልጊዜ የምንፈራህ?» ሲለው ቤቱ ጸጥ አለ። ሽምግልናው የተጀመረው እዚያ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ወሬ ነው።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተን ከደብተር ላይ በተቀደደ ወረቀት ጥቂት ነገር ጻፉ። ኪራዩን አራቱም እኩል ይከፍላሉ፣ ውሉ ላይም የሁለት ሰው ስም ይገባል። ለአምፑ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያወጡ ለጊታሪስቱ ይከፍሉታል፤ ሲያልቅ የባንዱ ይሆናል። አንድ ሰው ሁለት ልምምድ ከቀረ ቤቱ ድረስ ሰው ይላካል፤ ቴሌግራም አይቆጠርም። ግጥምና ዜማ የማን እንደሆነ ዘፈኑ በተሠራ ቀን ይጻፋል። የሬጌው መጠን ጉዳይ ወረቀቱ ላይ የለም፤ ማንም አላነሳውም።

ያልተስማሙበት አንድ ነገር ቀርቷል። ቢለያዩ የባንዱ ስም ለማን ይሁን? ዘፋኙ «ለማንም አይሁን፣ ይሙት» ይላል። ጊታሪስቱ «የቀረው ይውሰደው» ይላል። ድራመሩ ደግሞ «መጀመሪያ ስም ይኑረን» አለ። እውነትም ገና ስም አላወጡም። በሚቀጥለው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ መብራት ካለ፣ ስሙ ላይ ይነጋገራሉ።